ከጫማ ሱቅ ወደ ችሎት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነጥብ እንዳልሞላልኝ የሰማሁት ሰቆጣ ውስጥ ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር በተከራየናት ጠባብ ቤት ነው። ለሁለቱም አልሞላላቸውም ነበር። አንደኛዋ በሳምንቱ ዕቃዋን ጠቅልላ አምደወርቅ ወላጆቿ ዘንድ ተመለሰች። ሁለተኛዋ እጮኛ ነበራትና አገባች። እኔ ከሰቆጣ ወዲያ ያለው የዝቋላ ልጅ ነኝ። ወደ እኛ ቀበሌ መኪና የሚሄደው እስከ ተወሰነ ቦታ ነው፤ ቀሪው በእግር ነው። ተማሪ ሳለሁ ስንቄን ተሸክሜ ያን መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ያን ጊዜ ግን ባዶ እጄን መውረድ አልፈለግሁም። እናቴ ማሽላው ባልያዘበት ዓመት እንኳ ፍየል እየሸጠች ያስተማረችኝ ሴት ናት። «አልሆነልኝም» ብዬ ፊቷ ከምቆም ሥራ ይዣለሁ ብላት ይቀልላታል ብዬ አሰብኩ።

ሥራ ያገኘሁት ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ የጫማና የልብስ ሱቅ ነው። ባለቤቷ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ የከተማው ተወላጅ ነበሩ። እኔም ሰፈርተኛውም እትዬ ነበር የምንላቸው። ገብቼ ሥራ እንዳለ ስጠይቃቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«አገውኛ ትችያለሽ?» አሉኝ።

ጥያቄው አስደነገጠኝ። እሳቸው አገውኛ ያሉት ኽምጣንጋ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው። ነገር ግን ለትምህርት ሰቆጣ ከመጣሁ ወዲህ መንገድ ላይ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። መጀመሪያ ሰሞን አማርኛዬ ይሰባበር ስለነበረ ልጆቹ አነጋገሬን እየደገሙ ይስቁ ነበር። መምህሩ ቢቆጣቸውም እኔ ከዚያ በኋላ አፌን መቆጠብ ለመድኩ። አማርኛዬ እስኪስተካከል ድረስ ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣም ነበር፤ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ከየት እንደመጣሁ የሚያሳብቅ ነገር እንዳይወጣኝ እጠነቀቃለሁ።

«እችላለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ነገ በጠዋት ነይ። ገበያ ነው፤ የባላገር ሰው ይመጣል። እኔ የምችለው ሰላምታና ዋጋ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጠይቁኝ ዝም ነው።»

በማግሥቱ ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላም ዓመታት ቆየሁ።

ሱቁ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል ጫማ፣ በሌላው ብርድ ልብስ፣ አቡጀዲ፣ ጃንጥላና የልጆች ሹራብ ተደርድሯል። በብዛት የሚሸጠው ኮንጎ ጫማ ነው፤ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ዝናቡንም ድንጋዩንም የሚችል የገበሬ ጫማ። ከዝቋላና ከጋዝጊብላ የሚመጡ አባቶች ልጆቻቸውን አያመጧቸውም፤ የልጁን እግር ርዝመት የለኩበትን እንጨት ወይም ሰንበሌጥ በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ። እኔ ያን እንጨት ጫማው ውስጥ አስገብቼ እለካለሁ። «ትንሽ ይትረፈው፤ ልጅ ነው ያድጋል» ይሉኛል። ከሚያስፈልገው ትንሽ ሰፋ ያለ እሰጣቸዋለሁ።

ቋንቋው የሚያስፈልገው ጭቅጭቁ ላይ ነው። እትዬ በአማርኛ «ከዚህ አልቀንስም፤ ካልፈለገ ይተወው» ሲሉ፣ እኔ በኽምጣንጋ «ለአንቱ ብለው እንጂ ለሌላ ሰው በዚህ አይሰጡም ነበር ይላሉ» እላለሁ። ገዢው «ይቺ ሴትዮ ቆዳ ትገፍፋለች» ሲል ለእትዬ «ትንሽ ይቀንሱልኝ እያሉ ነው» እላለሁ። ሁለቱም እየሳቁ ይለያያሉ። እትዬ ነገሩን ይጠረጥሩ ነበር። አንድ ቀን ሰውየው ከወጣ በኋላ «ያን ሁሉ ተናግሮ አንቺ ያን ያህል ብቻ ነው የነገርሽኝ?» አሉኝ። «ዋናውን ነግሬዎታለሁ» አልኩ። ሳቅ ብለው ወደ ሒሳባቸው ተመለሱ።

እትዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። በፋሲካና በመስቀል ልብስ ይሰጡኛል፤ ስታመም ሾርባ ይልካሉ። አንድ ሕግ ግን ነበራቸው፤ ሠራተኛ አይቀመጥም። ገዢ ሲገባ ሻጭ ተቀምጣ ካገኘ ሱቁ የሞተ ይመስለዋል ይላሉ። ስለዚህ ከማለዳ እስከ ማምሻ መቆም ነው። ማታ እግሬን በሞቀ የጨው ውኃ እዘፈዝፋለሁ። መጀመሪያ ድካም ይመስለኝ ነበር፤ በኋላ የባቴ ደም ሥር እያበጠ ሲመጣ ነው ሥራው መሆኑ የገባኝ።

በጦርነቱ ጊዜ ሱቁ ተዘጋ። እኔም ወደ እናቴ ወረድኩ። ስመለስ መደርደሪያው ባዶ ነበር፤ እትዬ ወለሉን እየጠረጉ አገኘኋቸው። «እንግዲህ እንደገና ነው» አሉ። እንደገና ጀመርን። ዕቃ ቀስ በቀስ መጣ፤ ገበያተኛውም ቀስ በቀስ መጣ። በዚያ ሰሞን ትቻቸው ብሄድ ሰው የሚለኝን ስለማውቅ አላሰብኩትም። ሱቁ በእግሩ ከቆመ በኋላ ግን ማሰብ ጀመርኩ። እናቴ ታማ ሁለት ቀን ብቻ ነበር ያስታመምኳት፤ ከዚያ በላይ መቅረት አይቻልም። ዕረፍት የሚባለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ዕድሜዬ ወደ ሠላሳ እየተጠጋ ነው፤ ሥራው ግን መጀመሪያ ቀን እንደነበረው ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ በር የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ማየት ለመድኩ። ሁሉም ዲግሪ ይላል፤ ካልሆነ ዲፕሎማና የሥራ ልምድ። አንድ ጊዜ የፅዳት ሥራ ወጥቶ ልመዘገብ ስል አብሮ አደጌ የሆነች ልጅ «ከሱቅ ወጥተሽ ወደ መጥረጊያ?» ብላ አሳፈረችኝና ተውኩት። አሁን ሳስበው የሚያሳፍር ነገር አልነበረውም።

ነገሩ የተለወጠው በክረምት ነው። ለዝናብ የሚሆን ቦት ጫማ ፈልጋ አንዲት ሴት ገባች። የወረዳው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር መሆኗን አውቃለሁ፤ ከደቡብ ጎንደር ተመድባ የመጣች፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ጫማውን እየሞከረች ሳለ ከዝቋላ የመጡ አንዲት እናት ብርድ ልብስ ሊመልሱ መጡ። ጫፉ ተተርትሮባቸዋል። እሳቸው በኽምጣንጋ፣ እትዬ በአማርኛ፣ እኔ መሐል ቆሜ ብዙ ተባባልን። በመጨረሻ ሌላ ተለወጠላቸውና መርቀውን ሄዱ።

ሬጅስትራሯ ጫማዋን እንደተጫማች ቆማ ስታይ ቆይታ ነበር።

«የት ተማርሽው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አገውኛውን።»

«አልተማርኩትም። የእናቴ ቋንቋ ነው።»

«የኛ አስተርጓሚ ጎንደር ለሕክምና ሄደዋል። ነገ የሚያስተረጉም ሰው የለንም፤ ሰዎቹ ደግሞ ከሩቅ ነው የሚመጡት። ለነገ ብቻ ትመጪልናለሽ?»

እትዬን አየኋቸው። ገበያ ቀን ስላልነበረ «ግማሽ ቀን ትሂድ» አሉ። «መንግሥት ለምኖን እንቢ አንልም።»

በማግሥቱ ነጠላዬን አጥቤ፣ ፀጉሬን አሲዤ ሄድኩ። ችሎቱ ትልቅ አዳራሽ ይመስለኝ ነበር፤ ከተማርንበት ክፍል ብዙም የማይበልጥ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ዳኛው ከጎጃም የመጡ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ከመማሌ በፊት አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ።

«የሚሉትን በራሳቸው አፍ እንደሆነ አድርገሽ ተናገሪ። እኔ ሲሉ እኔ በይ። እሳቸው እንዲህ አሉ፣ ይመስለኛል፣ ምናልባት፣ የሚባል ነገር የለም። የሚጨመርም የሚቀነስም የለም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል» አልኩ። ግን አልገባኝም ነበር።

ጉዳዩ የንብ ነበር። ከሳሹ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ከቀፏቸው ወጥቶ የሄደውን መንጋ ጎረቤታቸው በራሱ ቀፎ አስገብቶ አልመልስም ብሏል። ሽማግሌው ተነሥተው ትንሽ እንደተናገሩ ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «ይህን ያህል ጢም አውጥቼ አልዋሽም» ብዬ ጀመርኩ። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ። ዳኛውም ከንፈራቸውን ሰብሰብ አደረጉ። እኔ ግን መቀጠል ነበረብኝ፤ «ንቦቹ የእኔ ናቸው። አባቴ ካወረሱኝ ቀፎ ነው የወጡት። ሲወጡ ከልጄ ጋር ሆኜ ተከትያቸዋለሁ።» ትንሽ ቆይቶ የሚስቅ ሰው ጠፋ። አንዲት ወጣት ሴት ቆማ ስለ ጢሟ ስትናገር መስማትን ለመዱት።

ከዚያ ተከሳሹ ተነሣ። ንዴተኛ ሰው ነው። ንቡ ባለቤት እንዳልነበረው ተናግሮ ሲያበቃ፣ ወደ ሽማግሌው ዞር ብሎ ክፉ ቃል ጨመረ። እዚያ ላይ አፌ ተያዘ። ሱቅ ቢሆን ወዲያው ሌላ ነገር ብዬ አልፈዋለሁ። ዳኛው ይጠብቃሉ፤ ሬጅስትራሯ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ሽማግሌው ፊት እንዴት እለዋለሁ ብዬ አፈርኩ። እሳቸው ግን ስድቡን ቀድመው ሰምተውታል፤ ያልሰሙት ዳኛው ብቻ ናቸው። ይህን ሳስብ አፌ ተፈታ።

«ይህ ሽማግሌ ጃጅቷል፤ የራሱን ንብ ከሰው ንብ አይለይም» አልኩ።

ዳኛው ሰውየውን ገሠጹት። ተግሣጹንም እኔው ተረጎምኩለት።

ቀጠሮ ተሰጥቶ ስንወጣ ሽማግሌው ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«የኔ ልጅ፣ እንደተናገርኩት ነው የተናገርሽልኝ?»

«አዎ አባቴ።»

«ስድቡንስ?»

«ስድቡንም።»

«በጎ አደረግሽ። ዳኛውም ይስማው እንጂ።»

በኋላ እንደሰማሁት ሁለቱን የአገር ሽማግሌዎች አስታርቀዋቸው፣ የዚያን ዓመት ማር ተካፍለው፣ ንቡም ለከሳሹ ተመልሷል። እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ሱቅ ገብቼ ጫማ ስደረድር ዋልኩ። ድካም ተሰምቶኝ ነበር፤ የእግር ድካም ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሬጅስትራሯ ባለፈች ቁጥር ብቅ እያለች ሰላም ትለኛለች። ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን መጥታ አስተርጓሚው በጤና ምክንያት በጡረታ እንደወጡና ቦታው በማስታወቂያ እንደሚወጣ ነገረችኝ። «ዲግሪ አይጠይቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስና ሁለቱን ቋንቋ ማወቅ ነው። ግን ይፎካከሩሻል፤ እኔ ምንም ላደርግልሽ አልችልም» አለችኝ። ቀጥተኛነቷን ወደድኩላት።

ብዙ ሰው ተመዘገበ። ዲግሪ ያላቸውም ነበሩበት፤ ሥራ የጠፋበት ዘመን ነው። የጽሑፍ ፈተናው አማርኛ ስለነበረ አልከበደኝም። የቃል ፈተናው ላይ ረዥም ንግግር አንብበውልን ያን ሳናቋርጥ ወደ ሌላው ቋንቋ መመለስ ነበር። ውጤቱ ሲለጠፍ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣው በቋንቋ ዲግሪ ያለው የሰቆጣ ልጅ ነው። ሲፈተን ሰምቼው ነበርና ቅር አላለኝም፤ ኽምጣንጋውም እንደኔው ያማረ ነው፣ አማርኛው ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ነበር። እኔ ተጠባባቂ ተባልኩ።

እትዬ ውጤቱን ስነግራቸው ደስም አላላቸው፣ አልከፋቸውምም። «እንግዲህ ጫማው ይጠብቅሻል» አሉ።

ተጠባባቂ የሚለው ቃል አስቸጋሪ ነው። ሰው «እንዴት ሆነ?» ሲለኝ ምን እንደምል አላውቅም። አልፌያለሁ እንዳልል ሱቅ ቆሜያለሁ፤ ወድቄያለሁ እንዳልል ስሜ ወጥቷል። እናቴ በስልክ «መቼ ትገቢያለሽ?» እያለች ትጠይቀኛለች። እሷ ስልክ የምታገኘው ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ ስትወጣ ነው፤ ያን ሁሉ ወጥታ «አላወቅሁም» ብቻ ትሰማለች። ከወራት በኋላ መጠየቅ ተወች። እኔም ነገሩን ወደ መርሳቱ ተጠጋሁ።

በጋው ሊያልቅ ሲል ሬጅስትራሯ ደወለችልኝ። ያ ልጅ የዞን መሥሪያ ቤት ውስጥ በዲግሪው ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው። ቦታው የእኔ ነው። ገበያ ቀን ነበር፤ ፊቴ አንድ አባት እንጨታቸውን ይዘው ቆመዋል። ስልኩን ዘግቼ ጫማቸውን ለክቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ ለእትዬ ነገርኳቸው።

«ወንበር ይሰጡሻል?» አሉ።

«ይሰጡኛል መሰለኝ።»

«ደግ ነው። እግርሽን አይቼው ነበር» አሉ። ከዚያ በፊት ስለ እግሬ አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም። ከመደርደሪያው ላይ ጥቁር ሽፍን ጫማ አወረዱና ሰጡኝ። «ፍርድ ቤት በነጠላ ጫማ አይገባም» አሉ። ልከፍል ስል እጄን መለሱት።

ደመወዙ ከሱቁ የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። ነገር ግን የዓመት ፈቃድ አለው፣ ጡረታ አለው፣ ቅዳሜና እሑድ የራሴ ነው። እናቴ ብትታመም ሄጄ ላስታምማት እችላለሁ። ለእኔ የተሻለ ሥራ ማለት ይኸው ነበር።

ያ የሚለቀው ልጅ ከመሄዱ በፊት ለጥቂት ቀናት ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ አስተማረኝ። ግዴታ አልነበረበትም። ከባዱ ከኽምጣንጋ ወደ አማርኛ ሳይሆን ከአማርኛ ወደ ኽምጣንጋ መሆኑን ያወቅሁት ከእሱ ነው። «ይግባኝ ሲሉ ምን ትያለሽ? የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ሲሉስ?» አለኝ። ምንም አልነበረኝም። «እኔም አልነበረኝም። ዳኛውን አስፈቅደሽ ታብራሪያለሽ። ይግባኝ ለማለት፣ በዚህ ፍርድ ካልተስማማህ ከዚህ በላይ ላለው ዳኛ መሄድ ትችላለህ በይ። ይረዝማል፤ ይርዘም።» እስከ ዛሬ እንዲያ ነው የምለው።

ሥራውን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ረዥም ምስክርነት ሲመጣ መሐሉ ይጠፋብኝ ነበር። ዳኛው ይህን አይተው ምስክሮቹን እያረፉ እንዲናገሩ ማድረግ ጀመሩ። በረዶ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮህ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ያን ጊዜ ሁላችንም፣ ከሳሽም ተከሳሽም፣ እጃችንን አጣጥፈን እስኪያባራ እንጠብቃለን። የቤተሰብ ጉዳይ ሲሆን ይከብደኛል። አንዲት ሚስት ባሏ ያደረሰባትን ስትናገር «መታኝ» የምለው እኔ ነኝ። ወዲያው ደግሞ ባልየው ሲነሣ «አልመታኋትም» የምለውም እኔው ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ካለ ችሎት በኋላ ምሳ አልበላልኝም። አሁን እበላለሁ፤ ግን ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ።

በሥራው አንድ ዓመት እንደሞላኝ የአጎቴ ጉዳይ መጣ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር ተካሰው ነበር። ከቀጠሮው ቀን በፊት በነበረው ማምሻ ቤቴ መጡ፤ ነጭ ማር በጣሳ ይዘው። እግራቸውን አጥቤ፣ እራት አቅርቤ ተቀመጥን። ከበሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤

«እግዜር አንቺን እዚያ ያስቀመጠው ለዚህ ነው።»

«ለምኑ አጎቴ?»

«እኔ ነገር አላውቅም። በአገራችን ቋንቋ እንኳ ስናደድ ይጠፋብኛል። አንቺ አሳምረሽ ትነግሪልኛለሽ። ያ ሰውዬ ሲናገር ደግሞ…»

«ሲናገርስ?»

«አሳጥሪው።»

ሳቄ መጣ፤ ግን እሳቸው አልሳቁም።

«አጎቴ፣ ለአንቱ ማስተርጎም አልችልም። ነገ ለዳኛው ዘመዴ ናቸው ብዬ እነግራለሁ። ሌላ ሰው ይመጣል።»

«ማን ነው የሚመጣው? የማላውቀው ሰው?»

«የማያውቅዎት ሰው። ለአንቱም ለእሱም እኩል የሆነ።»

«እኩል እንዲሆን አይደለም ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት» አሉ። ተነሥተው ጋቢያቸውን ደረቡ። እዚያ እንዲያድሩ ለመንኳቸው፤ እንቢ አሉ። የሚያድሩበት ሌላ ዘመድ ቤት ነበራቸው። ማሩን አስይዤ ልሸኛቸው ስል «ማሩ ለእህቴ ልጅ ነው» ብለው ትተውት ሄዱ።

ጠዋት ለዳኛው ተናገርኩ። በዚያን ቀን ሌላ አስተርጓሚ ስላልተገኘ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። አጎቴን ያስቆጣቸው ይህ ነው። ማስተርጎም አለመቻሌን ምናልባት ይችሉት ነበር፤ በእኔ ምክንያት ያን መንገድ እንደገና መመላለስ ግን ከበዳቸው። ጎረቤታቸውም እኩል ተመላልሷል፤ ያን አላዩትም። በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አስተረጎሙላቸው። ድንበሩ በከፊል ለእሳቸው፣ በከፊል ለጎረቤታቸው ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ ሲመጡ ቤቴ አይገቡም።

እናቴ ስልክ ደወለች። «ወንድሜ አኩርፏል» አለች።

«አውቃለሁ። ምን ላድርግ?»

«ምንም አታድርጊ። እሱ ልጅ ሆኖም አኩራፊ ነበር፤ ሲርበው ይመጣል።»

ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። አንድ ቀን አጎቴ በሌላ ሰው ጉዳይ ምስክር ሆነው ተጠርተው መጡ። ስማቸው ሲጠራ እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ልናገር ስል ቀደሙኝ። ለዳኛው በኽምጣንጋ ተናገሩ። ዳኛው ወደ እኔ አዩ። እኔም እንደ ወጉ በራሳቸው አፍ ተረጎምኩት፤

«ክቡር ዳኛ፣ ይቺ የእህቴ ልጅ ናት። ለእኔ ማስተርጎም አትችልም፤ ሕጉ አይፈቅድም። እኔ አስቀድሜ አውቃለሁ።»

ሬጅስትራሯ ፊቷን ወደ መዝገቡ ደፋች። ዳኛው በቁም ነገር «እናመሰግናለን» አሏቸው። ደግነቱ ጡረተኛው መምህር በዚያን ቀን ግቢው ውስጥ ስለነበሩ ተጠርተው ገቡና ነገሩ ሳይጓተት አለቀ። አጎቴ ምሳቸውን እኔ ቤት በሉ። ስለ ድንበሩ አላነሡም፤ ስለ ፍየሎቻቸውና ስለ ዝናቡ ተጨዋወትን። ሲሄዱ ለእናቴ የሚሆን ስኳር ላክሁ።

ሰዎች አሁንም «ለምን በርቀት ተምረሽ ዲግሪ አትይዢም?» ይሉኛል። እማራለሁ ብዬ አስቤያለሁ፤ አልጀመርኩም። ያ አንደኛ የወጣው ልጅ በዲግሪው የሚሄድበት አግኝቷል፤ እኔም ስለ ዲግሪ ቀላል አድርጌ አልናገርም። ግን ቀን በቀን የምሠራው ሥራ አለኝ፤ ከማስተርጎም ሌላ ለምሄድበት ቦታ ገና ልቤ አልቆረጠም።

ባለፈው መስከረም እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ሰቆጣ መጥታ ሰነበተች። አንድ ቀን «ምን እንደምትሠሪ ልየው» አለች። ችሎቱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ይዣት ሄድኩና ከኋላ አስቀመጥኳት። ያን ቀን የነበረው የአንድ በሬ ጉዳይ ነው። እናቴ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትንቀሳቀስ አዳመጠች። አማርኛዋ ጥቂት ነው።

ስንወጣ «ገባሽ?» አልኳት።

«ዳኛው ያሉት አልገባኝም። አንቺ ያልሽው ገባኝ።»

«እኔ እኮ ዳኛው ያሉትን ነው ያልኩት።»

«እንግዲያው ገብቶኛል» አለች። ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ «አንዳንድ ቦታ ትፈጥኛለሽ። ያ የበሬው ባለቤት ሽማግሌ ነው፤ ቀስ በይለት» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ሻይ ጠጣን፤ ከዚያ ወደ ቤት ሄድን።